ሁለቱ ዲናሮች፦ ቤት ለሌላቸውና ቤታቸውን ሊያጡ ለተቃረቡ ወገኖች ስለሚሰጥ የርዳታ ገንዘብ

(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት። በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)



የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ 10፡25-37) በሚነበብበት ጊዜ ልባችን የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በመንገድ ላይ በተደረገው ርኅራኄ ነው። ሳምራዊው ወደ ቍስለኛው እንደ ቀረበ፣ ቍስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ እንዳሰረለት እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን ቸል እንለዋለን። ይህ ሰው ቍስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በማግስቱም ለማደሪያው ኀላፊ ሁለት ዲናር ሰጥቶ እንዲያስታምመው አደራ አለው፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖር ደግሞ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፣ ገንዘቡ የተሰጠው ቤትና የማስታመም ችሎታ ላለው ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለተወሰነ ሰውና ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ አደራ ነው። ሦስተኛ፣ ሰጪው ከፍሎ አልጠፋም፤ ተመልሶ ሊጠይቅና ሒሳብ ሊተሳሰብ ቃል ገብቷል። በዘመናችን ባለጸጎችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቤት ለሌላቸው ሰዎች ተመላሽ የማይጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ይሰጣሉ። ይህ ስጦታ የሁለቱን ዲናሮች ጠባይ ሲይዝ ሰውን ያነሣል፤ ሳይዝ ሲቀር ግን ሕንጻ ሠርቶ ሰውን ሊረሳ ይችላል። የዚህ ትምህርት ዓላማ እንዲህ ያለው ገንዘብ መቼና እንዴት ቢሰጥ ፍሬ እንደሚያፈራ መመርመር፣ ከዚያም ለቁምስናችን የሚሆነውን ትምህርት መቅሰም ነው።

1. ቤት የለሽ የሚባለው ማን ነው?

«ቤት የለሽ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በሱቅ በረንዳ የሚያድር ሰው ነው። ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። በቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል መንፈስ የሚመሩ ገዳማትና ማኅበራት በ2017 በመሠረቱት የቤት የለሾች ኅብረት ዘንድ ቤት የለሽ ተብለው የሚቈጠሩት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ እነርሱም በጎዳና የሚያድሩ፣ ከአገራቸው የተሰደዱ ወይም ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ እንዲሁም ለሰው መኖሪያ በማይበቃ ጎስቋላ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው።

ከእነዚህ ጋር በአጠገባችን እያሉ የማናያቸውን አራተኛ ወገኖች ማሰብ ይገባናል። እነዚህ ዛሬ ጣራ አላቸው፤ የሚቀጥለው ወር ግን ያሠጋቸዋል። ባሏ የሞተባት ተከራይ፣ ታምሞ ከሥራ የቀረ የቀን ሠራተኛ፣ ከዐረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ወጣት፣ አከራዩ ድንገት ኪራይ የጨመረበት አረጋዊ ከዚህ ወገን ናቸው። የቆሙት በደጃፉ ላይ ነው፤ አንድ እግራቸው በቤት፣ አንድ እግራቸው በጎዳና ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጕዳይ ከፍትሕ ጕዳይ ለይታ አትመለከተውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 1987ን የቤት የለሾች መጠለያ ዓመት ብሎ በሰየመ ጊዜ፣ በቅድስት መንበር የፍትሕና የሰላም ጳጳሳዊ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 27 ቀን ስለ ቤት ችግር አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ርእሱ ራሱ፣ ቤት የለሽ ለሆነው ወንድምህ ምን አደረግህለት? የሚል ጥያቄ ነው፤ እግዚአብሔር ቃየልን ስለ ወንድሙ የጠየቀውን ያስታውሰናል። የሰነዱ ትምህርት መኖሪያ ቤት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ብቻ መታየት እንደማይገባው፣ ለሰው ልጅ ክብርና ለቤተሰብ ሕይወት መሠረት የሆነ የወል በጎ ነገር መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ለቤት የለሽ የምንሰጠው ስጦታ ከትርፋችን የምንወረውርለት ችሮታ አይደለም። ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ እንዳስተማረው፣ ለድኻ የሚያስፈልገውን በሰጠነው ጊዜ የፍትሕን ዕዳ እንከፍላለን እንጂ የራሳችንን አንለግሰውም።

2. የቅዱስ ቪንሰንት 13 ቤቶች

ስጦታን በማስተዋል ማስተዳደር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ እንመለስ። በዚያን ዘመን በከተማይቱ ጎዳናዎችና በአብያተ ክርስቲያናት ደጆች ላይ ብዙ ሕፃናት ይጣሉ ነበር። ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል እነዚህን ሕፃናት በበጎ አድራጎት እመቤቶች ማኅበርና በፍቅር ሥራ ደናግል አማካይነት ማሳደግ ጀመሩ። ንጉሥ ሉዊ 13ኛ በ1643 ሲሞት፣ በሴዳን ከተማ ለሚደረገው ሐዋርያዊ ተልእኮ የሚውል ገንዘብ ለቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ተወ። ቅዱሱ በዚህ ገንዘብ በቅዱስ ላዛር ገዳም አጠገብ 13 ትናንሽ ቤቶች አሠሩ። ቤቶቹ ለተጣሉት ሕፃናት ማሳደጊያ እንዲሆኑ ለእመቤቶቹ ማኅበር ተከራዩ፤ ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ደግሞ ንጉሡ እንደ ፈለገው የሴዳንን ተልእኮ ይረዳ ነበር።

ጥበቡን አስተውሉ። ገንዘቡ በአንድ ዓመት ተበልቶ አላለቀም። የሰጪው ፈቃድ አልተጣሰም። ሕፃናቱም በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሳይታጐሩ በቤት ውስጥ አደጉ። አንድ ስጦታ ሁለት ፍሬ አፈራ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1839 ወደ አገራችን የገቡት፣ አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚታወቁት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ቅዱስ ቪንሰንት የመሠረቱት የላዛሪስት ማኅበር ልጅ ነበሩ። ለእኛ ወንጌልን ያመጣልን ያው መንፈስ ለተጣሉት ሕፃናት ቤት የሠራው መንፈስ ነው። የቪንሰንት ቤተሰብ በ2018 የጀመረው ዓለም አቀፍ የቤት ሥራ ዘመቻም ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ 13 ቤቶች ነው፤ ግቡ ለ10,000 ሰዎች መኖሪያ ማስገኘት ነበር።

3. ሰው ከመውደቁ በፊት የሚደርስ ገንዘብ

ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሀብታምዋ አገር በአሜሪካም ቤት ማጣት ታላቅ ማኅበራዊ ቍስል ሆኗል። በዚያ ብዙ ገንዘብ ስለሚሰጥ፣ የትኛው ስጦታ እንደሚሠራም በጥንቃቄ ተመርምሯል። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በቺካጎ ከተማ የተደረገው ነው። በዚያ የሀገረ ስብከቱ የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ያካሂደው የነበረ አንድ የስልክ አገልግሎት ነበረ። ኪራይ መክፈል አቅቶት ከቤት ሊወጣ የተቃረበ ሰው ወደዚያ ሲደውል፣ ችግሩ ጊዜያዊ መሆኑ ተጣርቶ የአንድ ጊዜ ክፍያ ወደሚያገኝበት ይመራ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ አንዳንድ ቀን ይኖራል፣ አንዳንድ ቀን አይኖርም። ስለዚህ በችግራቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን በመደወላቸው ብቻ አንዱ ይረዳል፣ ሌላው ባዶውን ይቀራል።

የካቶሊካዊው የኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን ሁለት ወገኖች መጨረሻ አነጻጽረው በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ። ገንዘብ በነበረበት ጊዜ የደወሉት በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቤት የለሾች መጠለያ የመግባታቸው ዕድል ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ ከደወሉት በ76 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ውጤት ያለ ማጋነን ልንረዳው ይገባል። ገንዘብ ሳያገኙ ከቀሩትም መካከል ወደ መጠለያ የገቡት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ በዘመድ ወይም በሌላ መንገድ ተርፈዋል። እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ነው፤ በጊዜው የደረሰ ጥቂት ገንዘብ ኀይል አለው፤ ዳሩ ግን መውደቂያው የተቃረበውን ሰው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ አውራጃ ነው። ይህ ታላላቅ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች የተሰበሰቡበት፣ የቤት ኪራይም እጅግ የተወደደበት ስፍራ ነው። በዚያ የመንግሥትን፣ የኩባንያዎችንና የምእመናን ማኅበራትን ጥረት የሚያስተባብር ድርጅት ተቋቁሟል፤ ከሰጪዎቹ መካከል ሲስኮ የተባለው ኩባንያ በ2018 ብቻ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቷል። ከሥራዎቹ አንዱ ቤታቸውን ሊያጡ ለተቃረቡ ቤተሰቦች ኪራይ መክፈል ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እንዳስታወቁት፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠው ርዳታ በአማካይ ወደ 1,900 ዶላር ነበር። ርዳታውን ያገኙት በስድስት ወር ውስጥ ቤት የለሽ የመሆናቸው ዕድል ካላገኙት በ81 በመቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ በ73 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ከቤቱ ያልወጣ ሰው ጎረቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ሥራውን፣ ቁምስናውንም አያጣም። አንድ ጊዜ ከወጣ ግን እነዚህን ሁሉ እንደ ገና ለማግኘት ከኪራዩ እጥፍ ድርብ ወጪና ዓመታት ይጠይቃል። ልብስ አንድ ስፌት ሲተረተር ቢጠቀም ይድናል፤ ከተቀደደ በኋላ ግን እራፊ ይፈልጋል።

4. ለወደቀውስ?

ቀድሞ መድረስ ከሁሉ ይበልጣል ስንል አስቀድሞ የወደቀውን እንርሳው ማለታችን አይደለም። ሳምራዊው ያገኘው ሰው ከተደበደበ በኋላ ነበር። በዚህ ረገድ የፊንላንድ አገር ተሞክሮ ይጠቀሳል። በ1985 የተቋቋመው ዋይ የተባለው ፋውንዴሽን ከቁማር መጫወቻዎች ገቢ ይከፋፈል በነበረው የርዳታ ገንዘብ እየተደገፈ፣ በከተሞች ውስጥ ተራ መኖሪያ ቤቶችን በመግዛት ለቤት የለሾች ማከራየት ጀመረ። ከ2008 ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ መንግሥት፣ ማዘጋጃ ቤቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአንድነት የጋራ ማደሪያዎችን ወደ ቋሚ መኖሪያነት ለወጡ። መመሪያቸው አስቀድሞ ቤት የሚል ነው። ሰውየው ከመጠጥ እስኪላቀቅ ወይም ሥራ እስኪያገኝ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ቍልፍ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ድጋፍ ይቀጥላል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚያች አገር ከ15,000 በላይ የነበረው የቤት የለሾች ቍጥር በ2023 ወደ 3,429 ወርዷል። በ2024 ግን ወደ 3,806 ከፍ ብሏል። ይህ የመጨረሻው ቍጥር ሥራው አንዴ ተሠርቶ የሚተው አለመሆኑን ያስገነዝበናል። ጥበቃ ሲላላ ደጃፉ እንደ ገና ይከፈታል።

5. ስጦታን የሚያበላሹ ሦስት ፈተናዎች

ሀ. ስም መፈለግ። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲደረግ አስተምሮናል (ማቴ 6፡1-4)። አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፣ የሰጪው ስም በእብነ በረድ ይጻፋል። በጊዜው የተከፈለ የሦስት ወር ኪራይ ግን ሪባን የለውም። ከቤቷ ያልወጣችው መበለት ፎቶግራፍ ሆና አትታይም፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ሰጪዎች መከላከልን ቸል የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ክርስቲያን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይህን የማይታይ ስጦታ ሊወድ ይገባዋል፤ በስውር የሚያይ አባት አለና። ርዳታ ያገኘውን ሰው በአደባባይ አቁሞ ማስመስገንም ከተሰጠው ገንዘብ የሚበልጠውን ክብሩን መንጠቅ ነው።

ለ. የገንዘቡን ፍጻሜ አለማሰብ። ማንኛውም የርዳታ ገንዘብ ማብቂያ ቀን አለው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር 2025 የውጭ ርዳታውን ለ90 ቀናት ባገደ ጊዜ፣ በአገራችን የሚካሄዱትን ጨምሮ በብዙ ስፍራ የርዳታ ሥራዎች በድንገት ተስተጓጕለዋል። ያ የመንግሥት ገንዘብ ነበር፤ የግል በጎ አድራጊዎችም ሐሳብ ግን እንዲሁ ሊለወጥ ይችላል። ማንም ቢሰጥ፣ ገንዘቡ በሚቆምበት ቀን ጎዳና ላይ የሚወድቀው ሰጪው ወይም ሠራተኛው አይደለም፤ ድኻው ነው። ቅዱስ ቪንሰንት ስጦታውን ፍሬ ወደሚሰጥ ቤት የለወጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ይህ ገንዘብ ሲያልቅ ማን ይቀጥለዋል? የሚል ነው።

ሐ. ሒሳብን መሸሽ። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ከአሕዛብ ቤተ ክርስቲያናት የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያደርስ፣ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን ለማድረግ ያስብ ነበር (2ቆሮ 8፡16-21)። በኢየሩሳሌምም በዕለታዊው ምግብ እደላ መበለቶች ተዘነጉ ተብሎ ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት አቤቱታውን አላፈኑም፤ መልካም ስም ያላቸው ሰባት ሰዎች ለአገልግሎቱ እንዲመረጡ አደረጉ (የሐዋ 6፡1-6)። እንግዲህ ሒሳብን በግልጽ ማቅረብ የመንፈሳዊ አገልግሎት አካል ነው። ቄስም ሆነ ካቴኪስት ለድኻ የተሰጠውን ገንዘብ ብቻውን መያዝ አይገባውም።

6. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ብዙ ሚሊዮን የሚሰጥ ባለጸጋ በመካከላችን ላይኖር ይችላል። ሆኖም ከላይ ያየነው ትምህርት የብዙ ገንዘብ ሳይሆን የጊዜና የአደራ ትምህርት ነው።

በየሰፈራችን እድር አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡ ሳይዘገይ ለቤተሰቡ ይደርሳል። ይህ አባቶቻችን ያወረሱን ታላቅ ሀብት ነው። እንግዲህ ለሞተው እንዲህ ፈጥነን የምንደርስ፣ በሕይወት እያለ ከቤቱ ሊወጣ ለተቃረበው ስለምን እንዘገያለን? እያንዳንዱ ቁምስና ከጾም ወራት መዋጮና ከምእመናን ስጦታ አነስተኛ የመጠለያ መጠባበቂያ ገንዘብ ሊያቋቁም ይችላል። አሠራሩም የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

• ገንዘቡን የሚያስተዳድሩ ከሦስት የማያንሱ፣ ሴቶችም ያሉባቸው፣ ምሥጢር ጠባቂ ምእመናን ይመረጡ።
• የችግረኛው ቤት ይጐብኝ፤ ችግሩ ጊዜያዊ ነው ወይስ ሥር የሰደደ ተብሎ ይለይ።
• ክፍያው እንደ ሁኔታው በቀጥታ ለአከራዩ በደረሰኝ ይፈጸም።
• ከተከፈለ በኋላ በየጊዜው ጕብኝት ይደረግ፤ ሳምራዊው ሊመለስ ቃል ገብቷልና።
• ሒሳቡ የተረጂዎች ስም ሳይገለጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ለምእመናን ይነበብ።

ገንዘብ የማይጠይቅ ርዳታም አለ። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙ ተከራዮች ይህን አያውቁም። ካቴኪስቶች ይህን ማስረዳት፣ ሽማግሌዎችም በአከራይና በተከራይ መካከል ገብተው ማስታረቅ ይችላሉ። አንድ የተሳካ ሽምግልና የብዙ ወር ኪራይ ያህል ይጠቅማል።

ቤት የምናከራይ ምእመናንም በዚህ ትምህርት ውስጥ አለን። ቅዱስ ያዕቆብ ራቁቱን የሆነውንና የተራበውን ወንድም በደኅና ቃል ብቻ የሚያሰናብት ሰው እምነቱ ምን እንደሚጠቅመው ይጠይቃል (ያዕ 2፡14-17)። እሑድ በመሥዋዕተ ቅዳሴ አብራን የቆመችውን እናት ሰኞ ኪራይ አብዝተን ከልጆቿ ጋር ብናስወጣት፣ በሙዳየ ምጽዋት የጨመርነው ገንዘብ ያንን በደል አይሸፍነውም። የውጭ በጎ አድራጊ ከሚሰጠው ገንዘብ በፊት፣ የእኛ የራሳችን ፍትሕ ስንት ቤተሰብ በቤቱ ሊያቆይ እንደሚችል እናስብ። የትኛውም ስጦታ ተገቢውን ደመወዝ፣ ተገቢውን ኪራይና የመንግሥትን ኀላፊነት ሊተካ አይችልም።

ቁምስናው ከበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ በሚጠይቅበት ጊዜም ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ችግረኞቹን ራሳቸውን ቀርቦ ይጠይቅ። የሚያስፈልጋቸውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አንዳንዱ አልጋ ሳይሆን የበሩን ቍልፍ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ አዲስ ቤት ሳይሆን ዝናብ የማያስገባ ቆርቆሮ ይበቃዋል፤ አንዳንዷም ወደ ወላጆቿ የሚያደርሳት መሳፈሪያና አብሯት ሄዶ የሚያስታርቃት ሰው ትሻለች።

በመጨረሻም ይህን እንያዝ። በእጃችን የገባ የርዳታ ገንዘብ ሁሉ፣ ከሩቅ ባለጸጋም ይምጣ ከመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም፣ ባለቤቱ የሚመለስበት አደራ ነው። ጌታችን በተመለሰ ጊዜ የሚጠይቀን የሠራነውን ሕንጻ ብዛት አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ ሳለ ተቀብለነው እንደ ሆነ ነው (ማቴ 25፡31-46)። ከሁሉም የሚሻለው መቀበል ደግሞ ወንድማችን በገዛ ቤቱ እንዲያድር ማድረግ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ ለማደሪያው ኀላፊ ገንዘብ ሲሰጥ ምን ምን ጥንቃቄ አደረገ? የእኛ ምጽዋት በዚህ መለኪያ ሲታይ ምን ይጐድለዋል?
2. ቅዱስ ቪንሰንት የንጉሡን ስጦታ በቤት ሥራ ላይ ማዋላቸው ገንዘቡን ወዲያው ከማደል በምን ይለያል?
3. በቁምስናችን በዚህ ዓመት ቤታቸውን ሊያጡ የሚችሉ ቤተሰቦች እነማን ናቸው? (ስም በጉባኤ አይጠራ፤ እያንዳንዱ በልቡ ያስብ፤ ለቆሞሱም ለብቻው ይንገር።)
4. እድራችን ወይም ማኅበራችን ለሚሞተው ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለው ችግረኛም እንዲደርስ ምን ዓይነት ደንብ ያስፈልገዋል?
5. ከመካከላችን ቤት የሚያከራዩ ምእመናን የክርስቲያን አከራይ ግዴታ ምንድን ነው ይላሉ?